ፍራንክፈርት የበቀለ ሳማ ለወጥ ይሆናል?

ጥያቄ፦ እናቴ ከመንዝ መጥታ ፍራንክፈርት እኔ ጋ ናት። በወንዙ ዳር ስንንሸራሸር ሳማ አየችና ልትለቅም ጎንበስ አለች። «ይሄን የመሰለ ለጋ እያለ ጎመን በገንዘብ ትገዛላችሁ?» አለችኝ። እኔ ፈርቼ ከለከልኳት። የእኛ ሳማ ይሁን ሌላ አላወቅኩም። ደም ማቅጠኛ ትወስዳለች፤ ጨጓራዋንም ያማታል። የስኳር መድኃኒትም በቅርቡ ጀምራለች። በዚያ ላይ ወንድሜ ከአዲስ አበባ የሳማ ዱቄት ልኮላታል። ለስኳርም ለጨጓራም ፍቱን ነው ተብሎ የሚሸጥ ነው። ሳማውን ትብላ? ዱቄቱንስ ትጠጣው? ካበሰልነውስ እንዴት ነው የሚሠራው?

ምላሽ፦ እናትዎ ያዩት ሳማ ይበላል። እዚያ ላይ ልክ ናቸው። የእርስዎም ፍርሃት ግን ከንቱ አይደለም፤ የሚያሰጋው ሳማው ሳይሆን ደም ማቅጠኛው ነው። ዱቄቱን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፦ መድኃኒት ብለው እንዳያስጀምሯቸው። እኔ የምግብ ሳይንስ ሰው ነኝ፤ ሥራዬም በዱር በቀል አትክልቶች ላይ ነው። ሳማን እንደ ምግብ በጣም ነው የማከብረው። እንደ መድኃኒት ሲሸጥ ሳይ ደግሞ እሰጋለሁ።

መጀመሪያ ተክሉን እንለይ። የእኛ ሳማ በሳይንስ ኡርቲካ ሲመንሲስ ይባላል፤ ስሙ የተወሰደው ከሰሜን ተራሮች ነው። በዱር የሚታወቀው በእኛ አካባቢ ደጋ ብቻ ነው። ትግርኛ ተናጋሪው ኣመዕ፣ ኦሮምኛ ተናጋሪው ዶቢ ይለዋል። ፍራንክፈርት ያያችሁት ደግሞ ኡርቲካ ዲዮይካ ነው፤ ጀርመኖቹ ብሬንኔስል የሚሉት። የአንድ ወገን ሁለት ዝርያዎች ናቸው። የሁለቱም ቅጠል በጥንድ በጥንድ ትይዩ ይወጣል፤ ጠርዙም ጥርስ ጥርስ አለው። ሁለቱም ከግንድ እስከ ቅጠል ይለበልባሉ። አበሳሰላቸውም አይለያይም። ስለዚህ እናትዎ የሚያውቁትን ሙያ ሳይቀንሱ ሳይጨምሩ እዚያ ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

የሚወዱት ቦታም አንድ ነው። መንዝ ላይ ሳማ የት ይበቅላል? በረት ጥግ፣ አጥር ሥር፣ አመድ መድፊያ፣ ሰው ለቆት የሄደ የፈረሰ ቤት ላይ። ፋንድያ፣ ሽንትና አመድ ለዓመታት የተጠራቀመበት አፈር ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይበዛዋል፤ ሳማ እሱን ይከተላል። ሰው ከሄደ በኋላ እንኳ ቤቱ የት እንደነበር ሳማው ያሳያል። በመጽሐፈ ምሳሌ 24 ላይ የሰነፉ ሰው እርሻ ሳማ ለብሶ፣ ቅጥሩ ፈርሶ የሚታየው ያለ ነገር አይደለም። የጀርመን ወንዝ ዳርም እንዲሁ ነው። ጎርፍ ከእርሻ ያጠበውን ለም አፈር ዳር ዳሩን ይተወዋል፤ ሳማው እዚያ ይፈላል።

ከምን ጋር ሊያምታታችሁ ይችላል? ጀርመን ውስጥ ሳማን በጣም የሚመስል ግን የማይለበልብ ተክል አለ። ግንዱ አራት ማዕዘን ነው፤ ጉልህ ነጭ አበባ ያወጣል። ብትለቅሙትም አይጎዳም፤ ግን ሳማ አይደለም። ይህን ቅጠል ልብ ይበሉት፤ በኋላ እመለስበታለሁ። አሜሪካ ያላችሁ አንባቢዎች ግን ተጠንቀቁ። እዚያ «የፈረስ ሳማ» የሚባል እሾሃም አረም አለ። ከሳማ ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ ወገኑ የእንቧይ ነው፤ መርዛማም ነው። ቴክሳስ ያላችሁ ደግሞ «የኮርማ ሳማ» የሚሉትን አትንኩት። እሱም ሌላ ወገን ነው፤ አቃጠለ ሲባል ያቃጥላል። አገር ቤትም ቢሆን የሚለበልብ ሁሉ ሳማ አይደለም። አጥር ላይ እየተጠመጠመ የሚወጣው አለብላቢት ሌላ ተክል ነው፤ ለድስት አይሆንም።

አሁን ስለ መለብለቡ። የሳማ ቅጠል በማጉያ መነጽር ቢያዩት ብዙ ቀጫጭን፣ ብርሃን የሚያሳልፉ ፀጉሮች ቆመው ያያሉ። እያንዳንዱ ፀጉር አንድ ሕዋስ ነው። ጫፉ የተሠራው ከሲሊካ ነው፤ መስታወት ከሚሠራበት ማዕድን። ጫፉ ላይ ደግሞ ትንሽዬ ድቡልቡል ራስ አለችው። እጅዎ ሲነካት ያቺ ራስ በሰያፍ ትሰበራለች። የሚቀረው ጫፉ የሾለ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ ቱቦ ነው፤ ልክ የሐኪም መርፌ። ሥሩ ላይ ያለችው ከረጢት ስትጫን ፈሳሹ ቆዳዎ ውስጥ ይገባል። ድሮ የሚያቃጥለው ፎርሚክ አሲድ ነው ይባል ነበር፤ ጉንዳን ውስጥ ያለው አሲድ። እሱ በትንሹ አለ፤ ዋናው ግን እሱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ሂስታሚንና አሴቲልኮሊን እንዳለበት ታወቀ። በኋላም ሴሮቶኒን ተጨመረ። ሂስታሚን አለርጂ ሲነሳብን ሰውነታችን ራሱ የሚለቀው ነገር ነው። ቆዳው ወዲያው የሚቀላውና እብጥ እብጥ የሚለው ለዚህ ነው።

ይህን ማወቅ ማእድ ቤት ውስጥ ይጠቅማል። መርፌው ከተሰበረ ወይም በሙቀት ከሟሸሸ ሳማ አይለበልብም። የፈላ ውሃ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይበቃዋል። እናቶቻችን ይህን በማጉያ መነጽር ሳያዩ ያውቁታል። መንገዱ እንደየአገሩ ይለያያል። አንዷ ለጋውን ጫፍ በጉጠት ወይም ጫፉ በተሰነጠቀ እንጨት ቆንጥጣ ትለቅማለች። ሌላዋ እጇን በጨርቅ ትጠቀልላለች። ከዚያ ጆንያ ላይ ዘርግተው በዱላ ይመቱታል፤ ወይም ያሹታል። እሳት ላይ ለብለብ የሚያደርጉትም አሉ። ያለ ምንም መከላከያ የሚለቅሙ ሴቶችም አይቻለሁ። ጣታቸው ከሥር ወደ ላይ ብቻ ይሄዳል፤ ያዝ ሲያደርጉም አያመነቱም፤ ጠበቅ ነው። ፀጉሮቹ ወደ ላይ ስለሚያዘነብሉ በዚያ አቅጣጫ ሲነኩ ይተኛሉ እንጂ አይሰበሩም። ፈራ ተባ እያለ የሚነካ ሰው ነው የሚለበለበው።

እዚህ ላይ ስለሚቆጨኝ ነገር ልናገር። ሳማ በአገሩ የተናቀ ምግብ ነው። ምክንያቱ ይገባኛል። ክረምቱ ሲገባ ሳማው ያቆጠቁጣል። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ የአምናው እህል ያለቀበት፣ የዘንድሮው ያልደረሰበት ወቅት ነው። ጎተራው ሲራቆት ከደጅ የሚገኘው ለምለም ነገር እሱ ነው። ስለዚህ ስሙ ከችግር ጋር ተጣበቀ፤ የድሃ ወጥ፣ የክፉ ቀን ምግብ ተባለ። እንግዳ ፊት ስሙን ማንሳት የሚያፍሩ፣ ድስቱን ከምድጃው ጥግ የሚያሸሹ እናቶች አውቃለሁ። ልጆቻቸው ከተማ ገብተው «ሳማ በልቼ ነው ያደግኩት» ማለት ያፍራሉ።

ግን ነገሩን ከሌላ ጎን እንየው። በዚያው ነሐሴ ውስጥ ፍልሰታ አለ። ወተትና ሥጋ አይቀመስም፤ ጎመኑም በየጓሮው አይገኝም። ሰሜን ሸዋ፣ ወሎ፣ ጎንደርና ጎጃም ደጋ ላይ የሳማ ወጥ በገብስ ቂጣ ወይም በእንጀራ የሚበላው የሚበላ ስለጠፋ ብቻ አይደለም። ስለሚጥምም ነው። ስዊድኖች በጸደይ የሳማ ሾርባ ሠርተው፣ የተቀቀለ እንቁላል ጣል አድርገውበት እንግዳ ይጋብዛሉ። ጆርጂያኖች ከዋልነት ጋር ፈጭተው ማዕድ ላይ ያቀርቡታል። ቱርኮችና ጣሊያኖችም ይበሉታል። እነሱም ዘንድ የችግር ቀን ምግብ የነበረበት ጊዜ ነበር። ዛሬ ግን አያፍሩበትም። እናትዎ ጎንበስ ያሉት የአውሮፓ ምግብ ቤቶች በዋጋ የሚያቀርቡትን ቅጠል ሊለቅሙ ነው። ይህን ቢነግሯቸው ደስ ይለኛል።

እንግዲህ እንሥራው። ላስቲክ ጓንት ያድርጉ፤ እጅጌ ረዘም ያለ ልብስ ይልበሱ። ከላይ ያሉትን አራት ወይም ስድስት ለጋ ቅጠሎች ብቻ በመቀስ ይቁረጡ። አበባ ያወጣውን ይተዉት። ሲያብብ ቅጠሉ ይሻክራል፤ ውስጡም ደቃቅ የካልሲየም ካርቦኔት ጠጠሮች ይበዛሉ። እነሱ የሽንት ቧንቧን ያስቆጣሉ ተብሎ ይሰጋል፤ ደግሞም ጥርስ ላይ አሸዋ አሸዋ ይላሉ። ጀርመን ውስጥ ጥሩው ጊዜ ከኤፕሪል እስከ ሰኔ መጀመሪያ ነው። ከታጨደ በኋላ የሚያቆጠቁጠውም ለጋ ነው፤ እሱን እስከ መከር ድረስ መልቀም ይቻላል። ሁለት ትልልቅ ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ ካልለቀማችሁ አትጀምሩት፤ ውሃ ሲነካው ሟሽሾ እፍኝ ነው የሚሆነው።

በቀዝቃዛ ውሃ ይንከሩትና በእንጨት ማንኪያ እያገላበጡ ይጠቡት። በእጅዎ አይደለም፤ ገና ይለበልባል። ከዚያ የፈላ ውሃ ውስጥ ይጨምሩት። መለብለቡ ወዲያው ይጠፋል፤ ለወጥ ግን አሥር ደቂቃ ያህል ይንተክተክ። ያውጡትና ይጭመቁት፤ አድቅቀው ይክተፉት። የቀቀሉበትን ውሃ በተመለከተ የኔ ምክር ይህ ነው፦ ከእርሻ ዳር ከሆነ የለቀማችሁት ይድፉት። ማዳበሪያ የጠጣ ሳማ ናይትሬት ያጠራቅማል። ከንጹህ ጫካ ዳር ከሆነ ግን አይድፉት፤ ወጡን ያቅጥኑበት።

ድስት ላይ ቀይ ሽንኩርቱን ያብስሉ። ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ ዝንጅብል ይጨምሩ። የተከተፈውን ሳማ ያግቡበት። መንዝ ቢሆን የተቆላ ባቄላ ወይም የገብስ ዱቄት ነበር የሚነሰነስበት። ፍራንክፈርት ላይ ሽሮ ይበቃል። ለሁለት ሳህን ለጋ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ያህል ይነስንሱ፤ እንዳይጓጉል እያማሰሉ ውሃ ጠብ ያድርጉበት። አሥራ አምስት ደቂቃ ቀስ ብሎ ይብሰል። ጨውና ቃሪያ መጨረሻ ላይ ይግባ። ከወረደ በኋላ ሎሚ ጠብ ያድርጉበት። ሎሚው የኔ ጭማሪ ነው፤ ምክንያቱን አሁን እነግርዎታለሁ። ከዚህ ሌላ እናትዎ የሚሉት ካለ የእሳቸውን ይስሙ። የዱቄቱን ልክ እጃቸው ያውቀዋል።

ሰውነት ውስጥ ምን ይሠራል? በደንብ የተለካው የአውሮፓና የአሜሪካው ሳማ ነው። የተቀቀለ 100 ግራም ሳማ 42 ኪሎ ካሎሪ፣ 2.7 ግራም ፕሮቲን፣ ወደ 7 ግራም አሰር አለው። ካልሲየሙ 480 ሚሊግራም ገደማ ነው። ተመሳሳይ ክብደት ያለው ወተት 120 ገደማ ብቻ አለው። ከሳማው ካልሲየም ሁሉም አይመጠጥም፤ ቢሆንም በጾም ወተት ለማይቀምስ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ብረቱን ግን ሰው ያጋንነዋል። 1.6 ሚሊግራም ነው፤ ደህና እንጂ ተአምር አይደለም። «ሳማ ደም ይሞላል» እየተባለ የሚዞረው ትልቅ ቁጥር የደረቀ ዱቄት ቁጥር ነው። ውሃው ከወጣ ማንኛውም ቅጠል ቁጥሩ ይዘላል። ማንም ደግሞ 100 ግራም ደረቅ ቅጠል ባንዴ አይበላም። የቅጠል ብረት ሰውነት ውስጥ የሚገባው በግድ ነው። የሎሚ ቫይታሚን ሲ ያግዘዋል፤ ከምግቡ ጋር የሚጠጣ ቡናና ሻይ ያግደዋል። ሎሚውን የጨመርኩት ለዚህ ነው። ቡናውን ከምግቡ አንድ ሰዓት አርቁት።

አሁን ወደ ደም ማቅጠኛው። ይህን ክፍል ሁለቴ ያንብቡት። እዚያው 100 ግራም የተቀቀለ ሳማ ውስጥ 500 ማይክሮግራም ያህል ቫይታሚን ኬ አለ። ለአንድ አዋቂ ሴት በቀን 90 ገደማ ይበቃል። ቫይታሚን ኬ ደም እንዲረጋ የሚያግዝ ነው። ዋርፋሪን የሚባለው ደም ማቅጠኛ ደግሞ የሚሠራው ይህን ቫይታሚን በመቃወም ነው። እናትዎ ዋርፋሪን የሚወስዱ ከሆነ አንድ ትልቅ ሳህን የሳማ ወጥ የመድኃኒቱን ኃይል ሊያዳክም ይችላል። ይህ ማለት ደም ሊረጋ፣ ስትሮክም ሊመጣ ይችላል ማለት ነው። ጀርመን ሐኪም ቀይሮላቸው ከሆነ ማርኩማር የሚባል ክኒን ሰጥቷቸው ይሆናል። እሱም የዋርፋሪን ወንድም ነው፤ ጥንቃቄው አንድ ነው። ሪቫሮክሳባን ወይም አፒክሳባን የሚባሉት ሌሎች ደም ማቅጠኛዎች ከሆኑ ግን ቫይታሚን ኬ አይነካቸውም። ስለዚህ ዛሬውኑ የክኒኑን ካርቶን ያንብቡ።

ዋርፋሪን ወይም ማርኩማር ሆኖ ከተገኘ ሳማ እስከ መጨረሻው ቀረ ማለት አይደለም። ሐኪሞች የሚፈልጉት ቅጠል አለመብላትን ሳይሆን አለመዘበራረቅን ነው። እናትዎ ጎመን በየሳምንቱ የሚበሉ ከሆነ የመድኃኒቱ መጠን በዚያ ላይ ተስተካክሎላቸዋል። ችግሩ ለወራት ቅጠል ሳይቀምሱ ቆይተው፣ ሳማ ተገኘ ብለው ሳምንቱን ሙሉ ሲበሉ ነው። ለሐኪሙ ይንገሩት። ደም ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየውን፣ አይ ኤን አር የሚባለውን የደም ምርመራ ከመብላታቸው በፊትም ከበሉ በኋላም ያስለኩ። በሳምንት አንዴ ጥቂት፣ ሁልጊዜ ተመሳሳይ መጠን ከሆነ ብዙ ሐኪሞች ይስማማሉ። ያለ ሐኪሙ ግን እኔ ቁጥር አልሰጥዎትም። ኩላሊታቸው የተጎዳ ከሆነም ይጠይቁ፤ ሳማ ፖታሲየም አለው፤ ሽንትም ያበዛል።

ጨጓራው። አገር ቤት ሳማ ለጨጓራ ይሆናል መባሉ የቆየ ነገር ነው። በአይጥ ላይ በተሠሩ ጥናቶችም የእኛ ሳማ ቅጠል ጭማቂ የጨጓራ ቁስልን እንደቀነሰ ታይቷል። ተስፋ ሰጪ ነው፤ ግን አይጥ ነው። በደንብ የበሰለ፣ በርበሬ ያልበዛበት የሳማ ወጥ ጨጓራቸውን ካልቆጠቆጣቸው ይብሉ፤ ለስላሳ ምግብ ነው። ነገር ግን የእኛ ሰው የጨጓራ በሽታ ብዙ ጊዜ መነሻው ኤች ፓይሎሪ የሚባል ባክቴሪያ ነው። እሱ በወጥ አይሄድም። በትንፋሽ ወይም በሰገራ ምርመራ ይታወቃል፤ በፀረ ተሕዋስያን ይድናል። ጀርመን ድረስ መጥተው ይህን ሳይመረመሩ ቢመለሱ ያሳዝናል። ደግሞ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ጨጓራው ሲያመው ነገሩ ይከብዳል፤ ቁስል ካለ ይደማል። ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ደም ካስመለሳቸው፣ ያለ ምክንያት ከከሱ፣ ወይም መዋጥ ካቃታቸው ቀጠሮ አይጠብቁ። ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።

ዱቄቱ። ወንድምዎ በፍቅር ነው የላኩት፤ አልወቅሳቸውም። ግን ማሸጊያው ላይ ምን ተጽፏል? መቼ ተለቀመ፣ የት ደረቀ፣ ሳማ ብቻ ነው ወይስ ሌላ ተቀላቅሎበታል? ከከተማ ቆሻሻ መጣያ ዳር የተለቀመ ሳማ እርሳስና ሌላ ብረት ሊይዝ ይችላል። ሻጋታም ሊኖረው ይችላል። ለስኳር ይሆናል የተባለው መነሻ አለው። የሳማ ጭማቂ ስኳር እንዲታመሙ በተደረጉ አይጦች ላይ ተሞክሮ ስኳራቸውን ቀንሷል። እነዚያ አይጦች የጠጡት በላቦራቶሪ የተጣራ፣ የተለካ ጭማቂ ነው። በማንኪያ ተለክቶ ሞቅ ባለ ውሃ የሚጠጣው ዱቄት ሌላ ነገር ነው። በሰው ላይ በውጭው ሳማ የተሠሩት ሙከራዎች አነስተኛ ናቸው፤ ውጤታቸውም አንድ ዓይነት አይደለም።

ትልቁ ጉዳት ዱቄቱ ራሱ ላይሆን ይችላል። ሰው ዱቄቱን ይጀምርና ክኒኑን ይተዋል። እናትዎ የጀመሩትን የስኳር መድኃኒት አንድ ቀን እንኳ እንዳያቋርጡ። ሁለቱን አንድ ላይ ቢወስዱ ደግሞ፣ በተለይ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚባለው የስኳር ክኒን ካላቸው፣ ስኳሩ ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል። ውሃው ስለወጣ የደረቀ ዱቄት ቫይታሚን ኬውም እንደ ብረቱ ይከማቻል፤ ደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰው ከወጡ ይልቅ ዱቄቱ ነው የሚያሰጋኝ። ስለዚህ ዱቄቱን ያስቀምጡት። ምስጋናውን ለወንድምዎ ይላኩ፤ ዱቄቱን ግን ለእናትዎ አይስጧቸው።

ሌሎች የሚወራለት ጥቅሞችም አሉ፤ ጥቂቱን ልንካ። ለጨብጥ ሥሩን ቀቅሎ መጠጣት አሁንም በአንዳንድ ቦታ ይደረጋል። ይህን አጥብቄ ነው የምቃወመው። ጨብጥ በአንቲባዮቲክ ይታከማል፤ ካልታከመ ሊያመክን ይችላል። ለፀጉር እድገት ተብሎ በስልክ የሚዞረው ቪዲዮ ደግሞ ማስረጃ የለውም። ቁርጥማት ላይ ግን የሚገርም ነገር አለ። የሚያምን መገጣጠሚያ በሳማ መለብለብ በአውሮፓ ጥንታዊ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በእንግሊዝ የታተመ ጥናት የአውራ ጣታቸው ወይም የጠቋሚ ጣታቸው መነሻ የሚያማቸውን 27 ሰዎች ወስዶ ሞከረው። አንድ ሳምንት በየቀኑ ሳማ፣ ሌላ ሳምንት ያንን ነጭ አበባ ያለውን የማይለበልብ ቅጠል አስነካቸው። ሳማው ሕመማቸውን የበለጠ ቀነሰ። ጥናቱ ትንሽ ነው። ደግሞም የሚለበልበውን ከማይለበልበው ታማሚው መለየቱ አይቀርም። ያም ሆኖ የድሮ ሰው ያለ ምክንያት እንዳላደረገው ያሳያል። የሳማ ሥርን በተመለከተ የአውሮፓ መድኃኒት ኤጀንሲ በዕድሜ የገፉ ወንዶች ፕሮስቴት ሲያብጥባቸው የሚመጣውን የሽንት ችግር ለማስታገስ በባህላዊ መድኃኒትነት ተቀብሎታል። ቅጠሉንም ለቀላል የመገጣጠሚያ ሕመም። «ለማስታገስ» ነው የሚለው። መጀመሪያም ሐኪም ሌላ ከባድ በሽታ አለመኖሩን ካየ በኋላ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት በመድኃኒት መልክ ባትወስደው ይሻላል።

ጨርቅም ይሆናል፤ ከጥያቄዎ ውጭ ነው ግን ሳልጠቅሰው ማለፍ ከበደኝ። ጀርመንና ኦስትሪያ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጥጥ ሲያጥራቸው ከሳማ ግንድ ጭረት ጨርቅ ሠርተዋል። ኔፓል ውስጥ ከትልቁ የሂማላያ ሳማ ዛሬም ይፈተላል።

ለቀማ ላይ ማንም ሰው ቢለበለብ፣ በተለይ ልጆች ካሉ፣ አያሹት፤ አይከኩት። ማሸት የቀሩትን መርፌዎች ይሰብራል። ጥቂት ደቂቃ ሳይነኩት እንዲደርቅ ይተዉት። ከዚያ ፕላስተር ለጠፍ ነቀል እያደረጉ መርፌዎቹን ያንሱ። በሳሙናና በውሃ ይጠቡት፤ ቀዝቃዛ ጨርቅ ያድርጉበት። ብዙ ጊዜ በሰዓታት ውስጥ፣ ግፋ ቢል በማግስቱ ይጠፋል። ፊት ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ግን አምቡላንስ ይጥሩ።

የለቀማው ቦታ ላይ ደግሞ ይምረጡ። ያያችሁት ወንዝ ዳር ሰው ውሻውን የሚያንሸራሽርበት ከሆነ ትንሽ ገባ በሉ። የባቡር ሐዲድ ዳርና ትልቅ መንገድ ዳር አትልቀሙ፤ ፀረ አረምና የመኪና ጭስ አለበት። ጀርመን ውስጥ ለራስ ፍጆታ ጥቂት መልቀም በሕግ ይፈቀዳል። የተፈጥሮ ጥበቃ ክልል ተብሎ በምልክት የተከለለ ቦታ ግን ክልክል ነው፤ ምልክቱን ያንብቡ። ብዙ ከለቀማችሁ ቀቅላችሁ፣ ጨምቃችሁ፣ በአንድ ድስት ልክ በላስቲክ ቋጥራችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት። ሳይቀቀል የገባ ሳማ ሲወጣ ይጠቁራል፤ ጣዕሙም ይበላሻል። ቋጠሮው ላይ ቀኑንና ክብደቱን ይጻፉበት። እናትዎ ሁልጊዜ እኩል መጠን እንዲበሉ ሐኪሙ ካዘዘ ያ ክብደት ያስፈልግዎታል።